የማንኩሳው የወፍ በሽታ መድኃኒት

ኡትሬክት፣ ሆላንድ
ጥቅምት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ ለመሪጌታ ክንፈሚካኤል፣ ማንኩሳ

የኔታ፣ እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ተማሪዎችዎ በርትተዋል? እኔ ክብሩ ይስፋና ደህና ነኝ። «ጠፍታ ጠፍታ ዛሬ ምን ፈልጋ ይሆን» ብለው እንደሚስቁ ይታየኛል። ይሳቁብኝ፤ እውነትዎን ነው፣ የምፈልገው ነገር አለ።

ስልክ የሚባል ነገር ከቅኔ ቤቱ ደጃፍ አይደርስም ስላሉ ጓደኛዬ ፀደንያ ይህን አዲስ አበባ ላይ አትማ ለፍኖተ ሰላም መኪና ሾፌር ትሰጥልኛለች። የእርስዎም መልስ በዚያው መንገድ ይደርሰኛል። መንገዱ አንድ ሰሞን ሲከፈት አንድ ሰሞን ሲዘጋ ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላገኘሁም።

እናታችን ደስታነሽ ካረፈች ወዲህ እኔና እህቴ መስከረም አባትም አጎትም ብለን የምንጠራው እርስዎን ነው። የእናታችን የአጎት ልጅ ነዎት፤ ግን ከቤትዎ አብልተው፣ ፊደል አስቆጥረው፣ እኔን ዩኒቨርሲቲ እስክገባ፣ እሷን ዘሩን አግብታ ቡሬ እስክትወጣ ድረስ ይዘውናል። ይህን የማነሣው ላመሰግን ብዬ ነው። ልመናዬም እንዲቀልልኝ ነው፤ ምን እደብቅዎታለሁ!

እዚህ የምሠራው ስለ ጉበት ነው። የሰው ጉበት ሴሎችን በመስታወት ሳህን ላይ እናሳድጋለን። ከዚያ አንድ ኬሚካል ጉበት ውስጥ ሲገባ በየት በኩል እንደሚያልፍ፣ እግረ መንገዱን ወደ ምን እንደሚለወጥ፣ የት ደርሶ ምን እንደሚያበላሽ በኮምፒውተር ካርታ እንሥላለን። ቡሬ መገንጠያ ላይ መኪናው ሁሉ መጥቶ አንዱ ወደ ነቀምት፣ አንዱ ወደ ማርቆስ፣ አንዱ ወደ ባሕር ዳር እንደሚለያየው ነው። መንገዶቹን በደንብ ካወቅናቸው አንድ መድኃኒት ገና ሰው ሳይቀምሰው «ይህ ጉበት ይጎዳል፣ ይህ አይጎዳም» ማለት እንችላለን።

ችግሩ ካርታችን ላይ ያለው ሁሉ የፋብሪካ መድኃኒት ነው። የእኛ አገር ሰው ዓይኑ ቢጫ ሲሆንበት የሚጠጣው አንዱም የለበትም። እና ለወፍ በሽታ የሚሰጡትን ሥር እንድመረምረው ቢፈቅዱልኝ ብዬ ነው። አለቃዬን አስፈቅጃለሁ፤ የአገር ማስወጫውንም ፈቃድ እኔ አስጨርሳለሁ። እባክዎ የኔታ፣ እንቢ አይበሉኝ።

ጉልበትዎን እስማለሁ።
ልጅዎ ሰርካለም


ማንኩሳ
ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ በባሕር ማዶ ለምትገኚው ለልጄ ለወለተ ጊዮርጊስ

መውጫሽን መግቢያሽን ቅዱስ ቂርቆስ ይጠብቅልሽ፤ ብርዱን ያቅልልሽ፤ በሰው አገር ሞገስ ይስጥሽ። ሰርካለም የሚሉሽ ይበሉሽ፤ እኔ በክርስትና ስምሽ ነው የማውቅሽ።

እኔ ደህና ነኝ። ጤፉ ዘንድሮ አምሯል፤ በረዶ ካልመታው ማለቴ ነው። ተማሪዎቹም አሉ፤ ከቅኔው ይልቅ እንቅልፉ የገባቸው አሉ እንጂ።

ደብዳቤሽን አንብቤ ብቻዬን ሳቅሁ። ጉበት በሳህን! ይህችን ልጅ ያን ያህል ያስተማርናት ሥጋ ቤት እንድትከፍት ነው እንዴ አልኩ። ኋላ ግን ደግሜ ሳነብበው ነገሩ ገባኝ። የማይታየውን መንገድ ፈልጎ ማግኘት የእኛም ሥራ ነው።

እንግዲህ ስሚኝ። ይህ መድኃኒት ለእኔ ከአባቴ፣ ለአባቴም ከአባቱ በግዝት የወረደ ነው። የሚወርደውም ለአንድ ልጅ ብቻ ነው። እኔ የአብራኬን ክፋይ አላገኘሁም፤ ልጄ አንቺ ነሽ። ስለዚህ ሥሩን አድርቄ ወቅጬ፣ ቅጠሉንም ጨምሬ በእህትሽ ባል በዘሩ እጅ ልኬልሻለሁ። ስሙንና አዘገጃጀቱን በሌላ ወረቀት ጽፌዋለሁ፤ አንብበሽ አቃጥዪው። ስሙን ከአፍሽ ብታወጪ፣ በጽሑፍ ብታሰፍሪ፣ ለእናት ልጅሽም ቢሆን ብትነግሪ በተሰጠኝ ክህነት ገዝቼሻለሁ። የምፈታሽም እኔ ብቻ ነኝ። በዚህ ቀልድ የለም፤ እንደ ፈረንጅ ነገር አታቅልዪው።

ያገኘሽውንም ከማንም በፊት ለእኔ ጻፊልኝ። ሌላ የምፈልገው የለም። ይልቅ ያ የማንበቢያ መነጽሬ አንዱ ዓይኑ ተሰንጥቆ ድጓውን በግማሽ ዓይን ነው የማየው፤ ቢመችሽ አንድ ላኪልኝ።

ተባረኪ፤ ዕድሜሽን ያርዝመው።
አባትሽ መሪጌታ ክንፈሚካኤል


ኡትሬክት
ጥር 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ ለየኔታ

እንደምን አሉልኝ? በዓለ ጥምቀቱስ እንዴት አለፈ? መነጽሩን ለፀደንያ ልኬላታለሁ፤ ካልሆነዎት አያፍሩኝ፣ እለውጠዋለሁ።

የኔታ፣ ደስ ይበልዎት! ሥሩን ሴሎቹ ላይ ጨመርነው፤ ያየሁትን ብነግርዎት አያምኑም። የወፍ በሽታ ሲይዝ ዓይን ቢጫ የሚሆነው ሐሞት መውረጃው ጠብቦበት ወደ ደም ሲመለስ ነው። የእርስዎ ሥር ያንን መውረጃ ይከፍተዋል! መንገዱ ካርታው ላይ ወለል ብሎ ታየ። አለቃዬ ወንበሯን ስባ መጥታ «ይህን ማን አገኘው?» አለችኝ። «አያቶቼ» አልኳት። ስሙን ግን አልነገርኳትም፤ የተጻፈው «ናሙና ክ» ተብሎ ነው። ግዝቱን አልረሳሁም።

ይህ የመጀመሪያው ብቻ ነው። ሴሎቹን ለብዙ ሳምንት አቆይተን የምናይበት ረጅሙ ምርመራ ይቀራል፤ እሱ ሳያልቅ ደህና ነው ማለት አይቻልም። እኔ ግን ከአሁኑ ኮርቻለሁ፤ ምን ላድርግ!

ጉልበትዎን እስማለሁ።
ልጅዎ ሰርካለም


ማንኩሳ
የካቲት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለኩራታችን ለወለተ ጊዮርጊስ

የአባቶቼ አምላክ አንቺን የሰጠኝ ስሙ ይክበር ይመስገን። ከፍ በይ፤ ጠላትሽ ይፈር፤ እጅሽ የነካው ሁሉ ይለምልም። መነጽሩ ልክ ሆኖኛል። ድጓው ፊደሉ ከብራናው የሚነሣ መስሎ ታየኝ።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ማኅበር በምንጠጣበት ዕለት ነበር። ጠበል ጻዲቁ ከተቀመሰ በኋላ ተነሥቼ ለሰው ሁሉ አነበብኩት። «ማን አገኘው ብትለኝ አያቶቼ አልኳት» የምትለዋ ላይ ስደርስ ቤቱ በእልልታ ተደበላለቀ። እልልታውን ማን ጀመረችው መሰለሽ? ከቡሬ መጥታ የነበረችው እህትሽ መስከረም ናት። አንገቷን ሰብቃ «እህቴ እኮ ናት!» ትላለች ለማያውቃት ሁሉ። ስለ ረጅሙ ምርመራ ያልሽውን አላነበብኩም፤ ሰው ያደናግራል ብዬ ነው። እሱ የእኔና ያንቺ ነገር ነው።

ከዚያ ወዲህ ደጄ ሰው አልጠፋበትም። ከሽንዲ ይመጣሉ፤ ከቡሬ ይመጣሉ፤ ጤና ጣቢያ ያለ ሥራ ቀረ ብለው እስኪቀልዱብኝ ድረስ። አሁን የምጠይቅሽ አንድ ነገር ነው፤ ነጩን ልብስሽን ለብሰሽ የተነሣሽውን ትልቅ ፎቶ ላኪልኝ። በር ላይ እሰቅለዋለሁ፤ የሚመጣው ሰው ይየው።

አባትሽ መሪጌታ ክንፈሚካኤል


ኡትሬክት
ሰኔ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ ለመሪጌታ ክንፈሚካኤል

የኔታ፣ እንደምን ሰነበቱ? ዝም በማለቴ ይቅር ይበሉኝ። ፎቶውን አልላክሁም፤ አልልክምም። ምክንያቱን ሲያነቡ ይረዱኛል ብዬ አምናለሁ።

ረጅሙ ምርመራ አልቋል። ሴሎቹ ሞቱ። ስህተት የሠራሁ መስሎኝ እንደገና ጀመርኩ፤ ዕቃ ለወጥኩ፣ ሌላ ሰው እንዲሠራው ሰጠሁ። ያው ነው።

በቀላሉ ላስረዳዎት። ሥሩ ሲገባ መርዝ አይደለም። መርዝ የሚያደርገው ራሱ ጉበት ነው። ጉበት የማያውቀው ነገር ሲገባበት ለውጦ ሊያስወጣው ይሞክራል፤ ይህን ሥር ሲለውጠው ግን የሚወጣው ነገር ራሱን ይመታዋል፣ ቀጫጭን የደም ሥሮቹን ይዘጋበታል። ይህ የሚሆነው ቀስ ብሎ ነው። ሐሞቱ ቶሎ ስለሚወርድ መጀመሪያ ዓይን ይጠራል። ሰውየው ድኛለሁ ብሎ መርቆዎት ወደ አገሩ ይገባል። ከወራት በኋላ ሆዱ ውኃ ይይዛል። ያን ጊዜ እርስዎን የሚያስታውስ የለም፤ ሌላ በሽታ ነው ይባላል። የኔታ፣ ድነው የሄዱት ሰዎች ዓመት ቆይተው ምን እንደሆኑ ጠይቀው ያውቃሉ?

አባትዎን መውቀሴ አይደለም። ዓይን ሲጠራ ያየ ሰው ዳነ ቢል ምን ያስወቅሰዋል? እኔም አይቼ ጮቤ ረግጫለሁ። አሁን ግን አውቀናል። እግርዎ ላይ ወድቄ የምለምንዎት ይኸው ነው፤ ለማንም አይስጡ። ከዛሬ ጀምሮ። ያጠጧቸውንም ወደ ሐኪም ይስደዱልኝ። ደግሞ ከግዝቱ ይፍቱኝ፤ ስሙን ለጤና ጥበቃ ልንገር። በሌላም ቦታ የሚሰጡት አዋቂዎች ሊኖሩ ይችላሉ።

መልስዎን እጠብቃለሁ። በጣም እጠብቃለሁ።
ሰርካለም


ማንኩሳ
ሐምሌ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወለተ ጊዮርጊስ

ሰላም ለኪ። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። አንብቤ ከተቀመጥኩበት ሳልነሣ ዋልኩ።

ትቻለሁ። ለማንም አልሰጥም። ቅዱስ ቂርቆስ ምስክሬ ነው። ሰው ከሽንዲ ድረስ ተሸክመውት መጥተው «መድኃኒቱ አልቋል» ብዬ መልሻለሁ። እንዲህ ብዬ የመለስኩትን ሰው ፊት አንቺ አላየሽውም።

ግዝቱን ግን አልፈታም። ስሙን ለመንግሥት ብትነግሪ አባቴን በመቃብሩ ነፍሰ ገዳይ አደረግሽው፤ እኔንም ከቆመ ሬሳ ቆጠርሽኝ። እኔ ከተውኩ ነገሩ አብሮኝ ይቀበራል፤ ይብቃሽ። ለማንም እንዳታወሪ፣ ለመስከረምም ቢሆን። ሰው ፊት ያነበብኩትን ደብዳቤ በሌላ ደብዳቤ ስታፈርሺው ብትሰማ ምን ትላለች? ሰውስ ምን ይለኛል?

ክረምቱ ጠንክሯል። ሌላ የምጽፈው የለኝም።

መሪጌታ ክንፈሚካኤል


ኡትሬክት
መስከረም 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ ለየኔታ

እንኳን ከዘመን ዘመን አሸጋገረዎት። አዲሱ ዓመት የሰላም ይሁንልዎ፤ ደጅዎ የተማሪ ድምፅ አይጣ።

የጻፉልኝን ሳነብ አለቀስኩ፤ ግን እፎይ ብዬ ነው። ቃልዎን ከሰጡኝ ወዲህ እንቅልፌ ተመለሰ። ምን ያህል እንደከበደዎት አውቃለሁ። ስለ ግዝቱ ለጊዜው አልጨቀጭቅዎትም፤ ጥናቱን «ናሙና ክ» ብዬ አስገብቻለሁ፣ አገሩንም አልጠቀስኩም። ለመስከረምም አልነገርኳትም። እርስዎ ካቆሙ ለእሷ መንገሩ ሐዘን ማብዛት ነው አልኩ።

መስከረምን ካነሣሁ ዘንድ፣ ይህች ልጅ ምን ሆናለች? ስልኳን አታነሣም። ለዓውደ ዓመት ስደውል ዘሩ አንሥቶ «ሥራ በዝቶባት ነው፣ ተኝታለች» አለኝ። ከሥራዋ ፈቃድ የወሰደች ይመስለኛል፤ ታዲያ ምኑ ነው የበዛባት? ቡሬ ብቅ ካሉ ዓይተው ይጻፉልኝ። ተኳርፈው ይሆናል፤ ዘሩ እንደሆነ አመሉን ያውቁታል።

ጉልበትዎን እስማለሁ።
ልጅዎ ሰርካለም


ማንኩሳ
ጥቅምት 19 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ በእግዚአብሔር ቸርነት ለምትኖሪው፣ ለክብራችን፣ ለልጄ ለወለተ ጊዮርጊስ

እንዲያው ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እንደምን አለሽ? እንደምን አለሽ? እኛ ሁላችን ደህና ነን። አገሩም ደህና ነው። ጤፉ ዘለላውን ጥሎ የሚታጨደውን ቀን ይጠብቃል። ዳጉሳውም ደህና ነው። በጊዮርጊስ ማግሥት ዝናም ጥሎ ነበር፤ ክፉ አላደረገም። ያ ቅኔ አልገባው ብሎ ያለቀሰው ተማሪዬ ዘሚካኤል፣ አንቺ አታውቂውም፣ ባለፈው እሑድ ጉባኤ ቃና ቆጥሮ አስደነቀን። መንገዱ ተዘግቶ ሰንብቶ ሾፌሩ ስላልመጣ ነው ሳልጽፍልሽ የቆየሁት። የቤተ ክርስቲያኑም ቆርቆሮ ሊታደስ ነው፤ ሕዝቡ ተባብሯል።

መስከረም ደህና ናት። ምንም አልሆነችም። ትንሽ ድካም ብጤ ነበረባት፤ አሁን ዓይኗ ወተት መስሏል። አንቺ በሰው አገር ሆነሽ ሐሳብ አታብዢ፤ ሥራሽን ሥሪ።

የቅዱሳን አምላክ ይጠብቅሽ፤ በረከቱ ይደርብሽ፤ ክፉ አይንካሽ።
አባትሽ መሪጌታ ክንፈሚካኤል


ኡትሬክት
ኅዳር 25 ቀን 2018 ዓ.ም.

መሪጌታ ክንፈሚካኤል

ስለ ዓይኗ ማን ጠየቀዎት?

«ትንሽ ድካም ነበረባት፤ ዓይኗ ወተት መስሏል» ብለው ጻፉ። ድካም የያዘውን ሰው ዓይኑን አያዩትም። ዓይን የሚያዩት እርስዎ መቼ እንደሆነ እኔ አላውቅም? ደብዳቤውን እንደያዝኩ ለዘሩ ደወልኩ። መጀመሪያ ሊሸፍንልኝ ሞከረ፤ «በሰው አገር ላለ ሰው ክፉ አይነገርም ብለን ነው» አለ። ከዚያ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። ከዚያ ነገረኝ።

ነሐሴ ላይ ዓይኗ ቢጫ ሆነ። ጤና ጣቢያ ሐኪም ቤት ሂጂ ብሏት ነበር። እሷ ግን «እህቴ ሆላንድ ድረስ ወስዳ ያስመሰከረችለት መድኃኒት እያለ!» ብላ እርስዎ ዘንድ መጣች። ነሐሴ፣ የኔታ! ለማንም አልሰጥም ብለው በቅዱስ ቂርቆስ ስም ከጻፉልኝ በኋላ። ዘሩ አብሯት ነበር፤ ያሉትን ቃል በቃል ነግሮኛል። «ለባዕድ ትቻለሁ፤ ለገዛ ልጄ ግን እንዴት እንቢ እላለሁ?» ብለው በእጅዎ አጠጧት። ለሽንዲው ሰው አልቋል አሉት፤ እሱ ተረፈ። ለእኛ ግን ደበቁልን፣ አስቀመጡልን! ዘመድ መሆናችን ይህን አተረፈልን!

መርዝ ነው ብዬ ጽፌልዎት ነበር። ምን እንደሚያደርግ፣ በምን ቅደም ተከተል እንደሚመጣ አንድ በአንድ ጽፌልዎት ነበር። አላመኑኝም። አላመንኩሽም ማለት ይችሉ ነበር፤ እንጣላ ነበር፣ እኔም ለእህቴ እነግራት ነበር። እርስዎ ግን ትቻለሁ ብለው አስተኙኝ።

ሆዷ አብጦ፣ መተንፈስ አቅቷት ባሕር ዳር ወስደዋታል። ሐኪሙ ምን እንደጠጣች ጠየቀ። ዘሩ ሰው ልኮ የሥሩን ስም ከእርስዎ ሲያስጠይቅ ምን መለሱለት? «ጠበል ነው የጠጣችው በሏቸው።» ጠበል! በየትኛው አፍዎ ነው ነገ ጠበል የሚረጩት?

ሐኪሙን በስልክ አገናኙኝ፤ የሥሩን ስም ነገርኩት። ጮክ ብዬ፣ ፊደል በፊደል ቆጥሬ። ካርታውንም ላክሁለት፤ የትኛው የደም ሥር ላይ እንደሚፈልግ አሳየሁት። ግዝቱ ይድረስብኝ። እዚህ ወረቀት ላይ የማልጽፈው ደግሞ እርስዎን ፈርቼ እንዳይመስልዎ፤ መልእክተኛው አንብቦ ሄዶ እንዳይቆፍረው ነው።

ትተርፋለች ብለዋል። ጉበቷ ግን የድሮው አይሆንም፤ ልጅ መውለዷንም እንጃ ብለዋታል። ትናንት ድምፅዋን ሰማሁ። ያለችኝ አንድ ነገር ነው፤ «አንቺ ታውቂ ነበር?» አዎ፣ ለየኔታ ጽፌላቸው ነበር አልኳት። «ለእሳቸው ጻፍሽ። እኔስ?» አለች።

ሰርካለም


ማንኩሳ
ጥር 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለሰርካለም

እግዚአብሔር ያጽናሽ፤ እኔንም ያጽናኝ።

የወረዳው ጤና ባለሙያዎች መጥተው የቀረውን ሥር ከደጄ አውጥተው አቃጠሉት። ተማሪዎቼ ቆመው ያያሉ። አሁን በእውነት ትቻለሁ፤ ብታምኚም ባታምኚም።

መስከረም ከሐኪም ቤት ወጥታለች። ባለፈው ሳምንት ዘሩን ተደግፋ መጣች። ልትረግመኝ ነው ብዬ ተነሥቼ ቆምኩ። እሷ ግን ቁጭ ብላ «የኔታ፣ እህቴ አስቀድሜ ጽፌላቸው ነበር ትላለች፤ እውነት ነው?» አለችኝ።

አልደረሰኝም አልኳት። መንገድ ዝግ ነበር፤ የሰኔውም የሐምሌውም መልእክት በየመንገዱ ቀርቷል አልኳት። አመነችኝ። ዘሩም ያጠጣኋት ዕለት ያልኩትን ረስቶ ይሁን አፍሮ እንጃ፣ አላፈረሰብኝም። ጉልበቴን ስማ፣ «እርስዎማ አምነው ነው ያጠጡኝ» ብላ ሄደች።

ስሚኝ ልጄ። እኔ ክፉ አስቤ አልሰጠኋትም። ያችን ልጅ ቢጫ ሆና አየኋት፤ አባቴ ብዙ ሰው ሲያድንበት ያየሁትን መድኃኒት አንድ ደብዳቤ አይቼ እንዴት ልከልክላት? ያልሽው ሆኖ ተገኘ። አንቺ ሩቅ ነሽ። ብትጠላሽም በስልክ ነው። እኔ ግን ከቅዳሴ ስወጣ ዓይን ለዓይን የምንተያየው እኔና እሷ ነን፤ ስሞት የምትቀብረኝ እሷ ናት። ሌላ ሰው የለኝም።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምንሽ። ስትደውልልሽ «አልደረሳቸው ይሆናል» በያት። ሌላ አልጠይቅሽም፤ ፎቶም መነጽርም አልፈልግም። ግዝቱን ፈትቼልሻለሁ፤ አንቺም ይህን ተይልኝ። ፊደል ያስቆጠርኩሽን አስቢልኝ።

አባትሽ ክንፈሚካኤል


ኡትሬክት
የካቲት 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

የኔታ

ደብዳቤዎ ደርሶኛል።

መንገር ሲገባኝ አንድ ጊዜ ዝም ብዬልዎታለሁ፤ ምን እንዳመጣ አየን። ሁለተኛ አልችልም። ለመስከረም ደወልኩና ይህን የመጨረሻውን ከላይ እስከ ታች አነበብኩላት። ቀጥዬ ሐምሌ ላይ «ደብዳቤሽ ደርሶኛል» ብለው የጻፉትን አነበብኩላት። ከዚያ እኔ በመስከረም ወር «ለመስከረም አልነገርኳትም» ብዬ የጻፍኩልዎትን አነበብኩላት። እሱን መዝለል አማረኝ፤ ግን አነበብኩት።

አልቅሳም እንደሆነ አልሰማሁም። ስጨርስ፣

«ታዲያ ሁለታችሁም ታውቁ ነበር ማለት ነው» አለች።

ስልኩን ዘጋችው። ከዚያ ወዲህ ስደውል አታነሣም።

ሰርካለም